ከጣና ዳር ሆኖ የጋማ ጨረር ሰማይንና ኳንተም ኮምፒውተርን ማጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ የፊዚክስ፣ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ እንዲሁም የሳይንስ ክበብ ለሚመሩ መምህራን የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የሀገራችን አቆጣጠር የገባበትን ቦታ ለይተን ጽፈናል።

የጋማ ጨረር ኃይል "ከፍተኛ" የሚባለው ከምን አንጻር ነው?

በዓይናችን ከምናየው ብርሃን አንጻር ነው። የሚታየው ብርሃን አንድ ፎቶኑ ከ2 እስከ 3 ኤሌክትሮንቮልት (ከዚህ በኋላ ኢቪ) ኃይል ይይዛል። ኤክስሬይ በሺዎች ይቆጠራል። ጋማ ጨረር ከመቶ ሺዎች ይጀምርና ሽቅብ ይሄዳል፤ ቻይና ውስጥ በ4,410 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ላሶ የተባለ ጣቢያ በ2021 ይፋ ካደረጋቸው ፎቶኖች ትልቁ 1.4 ፔታ ኢቪ ነበር፤ 14 ጽፎ 14 ዜሮ ማስከተል ነው። እንዲህ ያለ ኃይል ከተራ ሙቀት አይገኝም። የፈነዳ ኮከብ ቅሪት፣ በፍጥነት የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ወይም በዙሪያው ያለውን ቁስ የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ ቅንጣቶችን ሲወነጭፍ ነው የሚፈጠረው።

ቴሌስኮፕ የለንም፣ ክረምቱን ሙሉ ሰማዩ ደመና ነው። ምን ይዘን እንሥራ?

ለዚህ ሥራ ደመናም የከተማ መብራትም አያግድም። ከባቢ አየሩ ራሱ ኤክስሬይንና ጋማ ጨረርን ስለሚውጥ የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች ሳተላይት ላይ ናቸው፤ መረጃቸው ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። ጁን 11 ቀን 2008 የመጠቀው ፌርሚ ሳተላይት የሚሰበስበውን የፎቶን መረጃ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያለ ተማሪም አሜሪካ ያለ ተማሪም ከአንድ ቦታ ያወርዱታል። ልዩነቱ የኢንተርኔቱ ፍጥነት ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ፌርሚ ከምድር ወገብ 25.6 ዲግሪ ባዘነበለ ምሕዋር ስለሚዞር ባሕር ዳር (11.6 ዲግሪ ሰሜን) ከሚያልፍባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ይህ ነገር ከታች የመብረቅ ጥያቄ ላይ ይመለሳል።

ከየት ልጀምር? ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ።

8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። የፌርሚ ሶፍትዌር በሊኑክስና በማክ ላይ ነው የሚሠራው፤ ዊንዶውስ ያላችሁ በውስጡ የሊኑክስ ንዑስ ሲስተም ጫኑ። ከዚያ ኮንዳ በተባለው የጥቅል አስተዳዳሪ ይህንኑ ሶፍትዌር፣ ፌርሚቱልስን፣ ለብቻው በተከፈተ አካባቢ ውስጥ አስገቡ። "ለብቻው" ያልነው ለወግ አይደለም፤ ከሌሎች የፓይዘን ጥቅሎች ጋር ሲቀላቀል የስሪት ግጭት ይፈጠራል፤ ብዙ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ዒላማችሁን ቬላ ፐልሳር አድርጉት (ፐልሳር በፍጥነት የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ነው)። ብዙዎች ስሙን ስለሚያውቁት ወደ ክራብ ኔቡላ (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት) ይሮጣሉ፤ ነገር ግን በፌርሚ ካታሎግ ውስጥ ክራብ ባለበት ነጥብ ላይ ሦስት ምንጮች ተደራርበው ተመዝግበዋል፤ አንዱ ፐልሳሩ፣ ሁለቱ የኔቡላው የተለያዩ የጨረር ክፍሎች ናቸው። ይህን ሳያውቅ አንድ ምንጭ ነው ብሎ ያሰላ ሰው ውጤቱ ለምን እንዳልገጠመ ሳይገባው ይከርማል። ቬላ ግን በጋማ ሰማይ ከቋሚዎቹ ምንጮች ሁሉ የደመቀ ስለሆነ በአንድ ሳምንት መረጃ እንኳ ጎልቶ ይወጣል።

በመረጃ መጠየቂያው ገጽ ላይ የቬላን አቅጣጫ 128.84 እና −45.18 ዲግሪ ብላችሁ ሙሉ፤ ዙሪያውን 15 ዲግሪ፣ ጊዜውን አንድ ሳምንት፣ ኃይሉን ከ100 እስከ 300,000 ሜጋ ኢቪ (ሜጋ ሚሊዮን ነው) አድርጉ። ሁለት ዓይነት ፋይል ይሰጣችኋል፦ የፎቶኖቹና የሳተላይቱ አቋም። ሁለተኛውን "አያስፈልገኝም" ብሎ የተወ ሰው ተመልሶ ይጠይቃል፤ ሳተላይቱ የትኛውን የሰማይ ክፍል ስንት ሰዓት እንዳየ ሳይታወቅ የፎቶን ብዛት ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ጂቲሴሌክት በሚባለው ትእዛዝ የክስተት ክፍሉን 128፣ ዓይነቱን 3፣ ከሳተላይቱ ሽቅብ የሚለካውን ትልቁን ማዕዘን 90 ዲግሪ አድርጋችሁ አጣሩ። የ90 ዲግሪው ገደብ ምክንያት አለው፦ የምድር ከባቢ አየር ጫፍ ራሱ በጋማ ጨረር ያበራል፤ ገደቡን ከዘለላችሁት ካርታችሁ በምድር ብርሃን ይበከላል። ጂቲኤምኬታይም መሣሪያው በትክክል የሠራባቸውን ጊዜያት ብቻ ያስቀራል፤ ጂቲቢን ካርታውን ይሥላል። እዚህ ድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የምንጩን ትክክለኛ ጥንካሬ የሚያሰላው ጂቲላይክ ግን የፍኖተ ሐሊብን ብርሃንና የጎረቤት ምንጮችን ሞዴል ስለሚጠይቅ ለሁለተኛው ሳምንት ይቆየን።

ካርታው ብዥ ካለባችሁ ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። በ100 ሜጋ ኢቪ ላይ የቴሌስኮፑ እይታ ወደ 5 ዲግሪ ይደበዝዛል፤ በ1,000 ላይ ከ1 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ያንኑ ፋይል ከ1,000 ሜጋ ኢቪ ጀምራችሁ ደግማችሁ ሣሉት፤ ፎቶኑ ያንሳል፣ ሥዕሉ ይጠራል። 15 ዲግሪ ዙሪያ የጠየቅነውም በዚሁ ብዥታ ምክንያት ነው።

መረጃው ባዶ መጣ። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ምክንያት ነው። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም ይልቅ ሦስት ወጥመድ አለበት፦ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የቀኑ ሰዓት አቆጣጠርና የሰዓት ሰቁ። መረጃው የሚጠየቀው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እዚያ 7፡00 ነው። የሌሊት ከሆነ 15 ደምሩ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ግን ድምሩ 24 ስለሚሞላ 24 ቀንሱና ቀኑን በአውሮፓው አቆጣጠር በደንብ አጣሩ። ፌርሚ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፈውን ሴኮንድ ይቆጥራል፤ በመሃል በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ የተጨመሩትን 5 ሴኮንዶችም ይቆጥራል።

ልምምድ እንዲሆናችሁ በዘመናችን ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቁን የጋማ ጨረር ፍንዳታ (ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ አጭርና ኃይለኛ የጋማ ብልጭታ) ውሰዱ። የተመዘገበው ኦክቶበር 9 ቀን 2022 በ13፡17 ነው፤ በእኛ መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ17። በፌርሚ ሰዓት 687,014,225 ገደማ ይመጣል። የፍንዳታው አቅጣጫ (288.3 እና 19.8 ዲግሪ) በዚያች ደቂቃ ከባሕር ዳር ሲታይ በምሥራቁ ሰማይ ከ55 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የተጓዘ ጨረር በጠራራ ፀሐይ ከራሳችን በላይ አለፈ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም፣ ቢያይም አይታይም። ጨረሩ ግን የምድርን አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን ከባቢ አየር) እስከ መረበሽ ደርሷል።

ይህን ፍንዳታ ስትተነትኑ አንድ ጥንቃቄ፦ ዋናው ጫፍ ላይ ጨረሩ በመብዛቱ የፌርሚ መለኪያዎች ተጥለቅልቀዋል። ጫፉ ላይ ጎርበጥ ያለ ቅርጽ ካያችሁ የፍንዳታው ባሕርይ ሳይሆን የመሣሪያው መታፈን ነው፤ ያንን ክፍል ከስሌቱ አውጡት።

ኢንተርኔቱም መብራቱም አያስተማምንም። ይቻላል?

ይቻላል፤ ፋይሉን በትንሽ በትንሹ መጠየቅ ነው ዘዴው። ለአንድ ሳምንትና ለ15 ዲግሪ የሚመጣው ፋይል ቀላል ነው። ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቀሙ፤ ሶፍትዌሩንና የሞዴል ፋይሎቹን አንድ ሰው በሌሊት ያውርድና በፍላሽ ይከፋፈል። ረጅም ስሌት ስታስኬዱ በየደረጃው የወጣውን ፋይል አስቀምጡ፤ መብራት ሲሄድ የምታጡት የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ይሆናል።

ዳታ በጣም ለቸገረው የፌርሚ ሁለተኛ መሣሪያ (ጂቢኤም) ይሻለዋል። ይህ መሣሪያ 14 መለኪያዎች ያሉት ሲሆን በዓመት 240 ያህል የጋማ ፍንዳታዎችን ይይዛል፤ የአንዱ ፍንዳታ የጊዜ መስመር በስልክ ኢንተርኔት እንኳ ይወርዳል። ሳተላይቱ ሲዞር የጀርባ ቆጠራው ከፍ ዝቅ ስለሚል የጀርባውን መስመር ከፍንዳታው በፊትና በኋላ ካሉ ጥቂት አሥር ሴኮንዶች ላይ ብቻ አስሉ። ሙሉውን ሰዓት በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለማስገባት መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው።

እዚሁ በእጄ የምለካው ነገር የለም?

አለ፤ ሙዮን። የጠፈር ጨረር ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጭ የሚወለድ ቅንጣት ነው፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር በደቂቃ 1 ያህል ያልፋል። ዕድሜው 2.2 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ስለሆነ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢሮጥ 660 ሜትር ላይ ማለቅ ነበረበት። ከ15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተነስቶ እኛ ጋ የሚደርሰው የአንስታይን የጊዜ መርዘም ስላለ ነው፤ ይህን ክፍል ውስጥ በኖራ ከመጻፍ በመለኪያ ማሳየት ይሻላል።

የተሻለው መሣሪያ 5 በ5 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ የሲንቲሌተር ፕላስቲክ (ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል)፣ አንድ 6 ሚሊ ሜትር ሲሊከን ፎቶመልቲፕላየር (ደካማ ብልጭታን የሚይዝ መለኪያ) እና አርዱይኖ ናኖ (ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ነው። አርዱይኖው በቀላሉ ይገኛል፤ ሁለቱ ሌሎች ከውጭ መምጣት አለባቸው። ፕላስቲኩ በአሉሚኒየም ፎይል፣ ከላዩ በጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ይጠቀለላል። ቆጠራው በደቂቃ ብዙ መቶ ከሆነ ሙዮን ሳይሆን ብርሃን እየገባ ነው፤ ጥቁር ልብስ ጣል አድርጉበት፣ ቁጥሩ ከወረደ ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው።

ርካሹ መንገድ ሁለት የጋይገር ቱቦ (ጨረር የሚቆጥር ቱቦ) አንዱን ባንዱ ላይ ማስቀመጥ ነው። በየቱቦው 400 ቮልት ገደማ በ5 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል ይገባል። አንድ ቱቦ ብቻውን የሚቆጥረው አብዛኛው ከግድግዳና ከአፈር የሚመጣ ጨረር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ሲጮኹ ግን አንድ ቅንጣት ሁለቱን በስቶ አልፏል። የአጋጣሚ መገጣጠምን አስሉ፦ እያንዳንዱ ቱቦ በሴኮንድ 1 ቢቆጥርና የ"አንድ ቅጽበት" መስኮታችሁ 100 ማይክሮ ሴኮንድ ቢሆን፣ በሰዓት 0.7 ያህል የውሸት ግጥምጥም ይመጣል፤ ችግር የለውም። መስኮቱን ወደ 10 ሚሊ ሴኮንድ ያሰፋ ሰው ግን በሰዓት 70 የውሸት ይቆጥራል። ደግሞም 400 ቮልቱ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ይቆያል፤ ሳያስለቅቁ እጅ አይገባም።

የጭጋግ ሳጥን (ቅንጣት ያለፈበትን መንገድ በጭጋግ ክር የሚያሳይ) የሚሠሩ ክበቦች ብዙ ጊዜ የሚከሽፍባቸው በአልኮሉ ነው። ለእጅ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል አይሆንም፤ ውኃው ይቀድምና ይረግጋል። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ያስፈልጋል። ደረቅ በረዶ እዚህ ማግኘት ስለሚያስቸግር ሁለት ፔልቲየር (በኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዝ ሳህን) ደርባችሁ የታችኛውን ትኩስ ፊት በትልቅ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ አብርዱት። ሳህኑ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ካልደረሰ ምንም ክር አታዩም።

ስንት ጊዜ መቁጠር አለብኝ?

የቆጠራችሁት ቁጥር ካሬ ሥር ስሕተታችሁ ነው። 100 ከቆጠራችሁ ስሕተቱ 10 በመቶ፣ 10,000 ከቆጠራችሁ 1 በመቶ ነው። አንዱ ባንዱ ላይ ራቅ ብለው የተቀመጡ ሁለት መለኪያዎችን ወደ ጎን 60 ዲግሪ ብታዘነብሏቸው የግጥምጥሙ ቆጠራ ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ ይህ ለአንድ ከሰዓት ሙከራ ይበቃል። ከጣና ዳር (1,800 ሜትር ገደማ) ወደ ጉና ተራራ (ከ4,100 ሜትር በላይ) ይዛችሁ ብትወጡም ልዩነቱ በአንድ ቀን ይታያል።

የአየር ግፊት ተጽዕኖን ማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በምድር ወገብ አካባቢ ግፊቱ በየቀኑ በጥቂት ሚሊባር ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሙዮኑ ለውጥ ደግሞ ለአንድ ሚሊባር ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ነው። ይህን ለመለየት ሚሊዮን ቆጠራ ያስፈልጋል፤ በደቂቃ 20 ለሚቆጥር መሣሪያ 35 ቀን ነው። ብዙ ቡድን በ3 ቀን ቆጠራ "የግፊት ዑደት አገኘን" ብሎ ይጽፋል፤ አላገኘም።

ለማግኔት ወገብ ቅርብ መሆናችን ይጠቅማል ይጎዳል?

ሁለቱንም። የምድር ማግኔት መስክ እኛ ጋ ወደ ጎን ስለተጋደመ ከላይ ለሚመጣ ቅንጣት ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ከ14 ጂጋ ኢቪ (ጂጋ ቢሊዮን ነው) ገደማ በታች የሆነ ፕሮቶን ቀጥ ብሎ ሊወርድብን አይችልም። ስለዚህ በፀሐይ ማዕበል ጊዜ የሚታየው የጠፈር ጨረር መቀነስ ከዋልታዎቹ አካባቢ ይልቅ እዚህ ደካማ ነው። በትንሽ መሣሪያ ይህን እለካለሁ ብላችሁ ርዕስ አትምረጡ። አዮኖስፌርን ለሚያጠና ግን ቦታው ወርቅ ነው፦ ቀን ቀን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚፈሰው የወገብ ኤሌክትሪክ ጅረት እዚሁ አካባቢ ነው፤ የጂፒኤስ ምልክትም ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ወራት፣ ይንቀጠቀጣል።

የጣና መብረቅ ጋማ ጨረር ያወጣል የሚባለው እውነት ነው?

መብረቅ ያወጣል፤ የጣናም ሆነ የሌላ ቦታ። ኮምፕተን የተባለው ሳተላይት ያገኘው ነገር በ1994 ይፋ ሆነ፦ ነጎድጓድ ደመና ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሲፈናጠሩ ከ1 ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እስከ አሥር ሚሊዮኖች ኢቪ የሚደርስ ብልጭታ ወደ ሕዋ ይተኮሳል። ፌርሚ ይመዘግበዋል፤ ዝርዝሩ ክፍት ነው። ሳተላይቱ ከ9 እስከ 14 ዲግሪ ሰሜንና ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በነበረባቸው ጊዜያት የያዛቸውን መርጣችሁ በወር ከፋፍሉ። ወጥመዱ ሳተላይቱ የነበረበት ቦታ መብረቁ የነበረበት ቦታ አለመሆኑ ነው፤ ብልጭታው ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ሊመጣ ይችላል።

ጣና ውስጥ የኒውትሪኖ ቴሌስኮፕ መትከል አይቻልም?

አይቻልም፤ ግን ጥያቄው ጥሩ ነው። ኒውትሪኖ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይጋጭ ቅንጣት ነው። ባይካል ሐይቅ ውስጥ በእርግጥ አለ። በሜዲትራኒያን ባሕር ሥር ያለው ኬኤም3ኔት ደግሞ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2023 ወደ 220 ፔታ ኢቪ የተገመተ ኒውትሪኖ ይዟል። እነዚህ ጥልቀታቸው በሺህ ሜትሮች አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፤ ከላይ የሚዘንበውን ሙዮን ውኃው እንዲያስቀርላቸው ይፈልጋሉ። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ውኃውም ከነርብና ከነጉማራ በሚመጣው ደለል የደፈረሰ ስለሆነ የቅንጣቱ ሰማያዊ ብልጭታ ጥቂት ርቀት ሳይሄድ ይዋጣል።

ለሙዮን ትምህርት ግን ጥልቀቱ ልክ ነው። አንድ ሜትር ውኃ ከሙዮን 0.2 ጂጋ ኢቪ ያህል ይቀማዋል፤ 5 ሜትር 1 ጂጋ። መሬት የሚደርሱት በአማካይ 4 ጂጋ ገደማ ስላላቸው መሣሪያውን በየሜትሩ እያወረዳችሁ ብትቆጥሩ ደካሞቹ ሲቀሩ፣ ብርቱዎቹ ሲያልፉ ታያላችሁ። ጀሪካን አትጠቀሙ፤ ባለ 20 ሊትሩ ከነዕቃው ከ20 ኪሎ በላይ ካልመዘነ አይሰምጥም፣ ሲሰምጥም ይጨመደዳል። ወፍራም የፒቪሲ ቧንቧ በሁለቱም ጫፍ ተከድኖ፣ ውስጡ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ተደርጎበት ይሻላል።

ኳንተም ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ሥራ ያፈጥነዋል?

ዛሬ አያፈጥነውም። ወደፊት የተወሰኑ ክፍሎቹን ሊያፈጥን ይችላል።

ተስፋው ከየት እንደመጣ እንይ። በስበት ሞገድ ፍለጋ ውስጥ የተቀበሉትን ምልክት ከብዙ ቅጽ (አስቀድሞ ከተሰላ የምልክት ቅርጽ) ጋር ማነጻጸር አለ። አንድ ሚሊዮን ቅጽ ቢኖር ተራው ኮምፒውተር አንድ በአንድ ያየዋል፤ የግሮቨር ስልት የሚባለው የኳንተም ፍለጋ ግን በ785 ዙር ይደርሳል። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ስልት በ2022 ለስበት ሞገድ አሳይተዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ዙር ሙሉውን ንጽጽር በኳንተም ሰርኪዩት ውስጥ እንዲሠራ መጠየቁ ነው፤ ለዚያ ስሕተታቸው የታረመ ብዙ ኪውቢቶች (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃዶች) ያስፈልጋሉ፣ እስካሁን የሉም። መረጃውን ወደ ኪውቢት ማስገባቱም በራሱ ጊዜ ይበላል፤ ሚሊዮን ፎቶን ለመጫን ሚሊዮን እርምጃ ከፈጀ ትርፉ እዚያው አለቀ።

የጣሊያን ተመራማሪዎች በአጂሌ ሳተላይት መረጃ ላይ የጋማ ፍንዳታን የሚለይ የኳንተም ነርቭ መረብ ሞክረዋል፤ ከተራው ነርቭ መረብ ጋር የተቀራረበ ውጤት በጥቂት መለኪያ ቁጥሮች አግኝተዋል። ደስ ይላል፤ ግን በማስመሰያ ኮምፒውተር ላይ በፍጥነት ረገድ ለጊዜው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

እና አልማረው?

ተማሩት። ግን ከመረጃ ትንተናው በኋላ። ጋማ ፍንዳታ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፍንዳታ የሚለይ ኳንተም መረብ የሚሠራ ተማሪ የወጣለት ቁጥር ትክክል ይሁን ስሕተት መፍረድ አይችልም።

ለመጀመር ኪስኪት የተባለውን የፓይዘን ጥቅልና ማስመሰያውን ጫኑ። ማስመሰያው ለአንድ ኪውቢት መጨመር ሁልጊዜ ራሙን እጥፍ ይጠይቃል፦ 20 ኪውቢት 16 ሜጋባይት፣ 25 ኪውቢት 512 ሜጋባይት፣ 28 ኪውቢት 4 ጊጋባይት፣ 30 ኪውቢት 16 ጊጋባይት። ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ 28 ላይ ያቆማል ማለት ነው፤ ለትምህርት ከ4 እስከ 10 ከበቂ በላይ ነው።

ድሮ የተቀዳ ትምህርት ተከትላችሁ "ኤግዚኪዩት የሚባል የለም" የሚል ስሕተት ከመጣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ በ2024 መጀመሪያ የወጣው ስሪት 1.0 ያንን ትእዛዝ አስወግዶታል። አሁን ሳምፕለርና ኢስቲሜተር በሚባሉት ነው የሚሠራው። ሌላው የሚያደናግር ነገር የቢት ቅደም ተከተል ነው፤ ውጤቱ ላይ በቀኝ ጫፍ ያለው ቢት ኪውቢት ዜሮ ነው። ከግራ ያነበበ ሰው መልሱን ገልብጦ ያገኛል።

ጥሩ ልምምድ ይኸውና፦ ከጂቢኤም ዝርዝር የፍንዳታዎቹን ርዝመትና የጨረሩን "ጥንካሬ" (የከፍተኛው ኃይል ፎቶን ለዝቅተኛው ያለውን ጥምርታ) ውሰዱ። ከ2 ሴኮንድ በታች ያሉት አጭር፣ ከዚያ በላይ ያሉት ረጅም ይባላሉ። ጥንካሬውን ብቻ በ2 ወይም በ4 ኪውቢት መለያ አስገብታችሁ ረጅምና አጭሩን ይለይ እንደሆነ ሞክሩ፤ ከጎኑ በዚያው መረጃ ላይ ተራ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (የተለመደ የስታቲስቲክስ መለያ) አስኬዱ። ርዝመቱን ለመለያው ከሰጣችሁት ግን መልሱን በጆሮው ነገራችሁታል፤ 99 በመቶ ትክክል ቢወጣ አትደነቁ።

እውነተኛ ኳንተም ማሽን ላይ ማስኬድስ?

አይቢኤም በወር 10 ደቂቃ የማሽን ጊዜ በነጻ የሚሰጥበት ዕቅድ አለው። ትንሽ ትመስላለች፤ በደንብ ለተዘጋጀ ግን ትበቃለች። ሁሉንም በማስመሰያው ፈትሹ፣ ሰርኪዩቱን ለማሽኑ ቅርጽ መልሳችሁ አዘጋጁ (ካልተዘጋጀ ይመልሰዋል)፣ ከዚያ ላኩ። ወረፋ ስላለ ተልኮ ከሆነ ላፕቶፑን ዝጉት፤ መብራት ቢሄድም ሥራው እዚያው ይቆያል። በ4,096 ድግግሞሽ ግማሽ ዕድል ያለው ውጤት 0.8 በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ያነሰ ልዩነት ላይ አትከራከሩ።

ውጤቱ ከማስመሰያው ለምን እንደሚርቅ በስሌት ይገባል። የሁለት ኪውቢት በር (በሁለት ኪውቢቶች ላይ የሚሠራ አንድ የስሌት እርምጃ) በ0.5 በመቶ ቢሳሳት፣ ከ100 በሮች በኋላ ምንም ሳይሳሳት የመድረስ ዕድሉ 61 በመቶ ነው፤ ከ500 በኋላ 8 በመቶ።

የጠፈር ጨረር ኳንተም ኮምፒውተርን ያበላሻል ይባላል። እውነት?

እውነት ነው፤ ሁለቱ ርዕሶች በትክክል የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። በሱፐርኮንዳክተር የተሠራ ኪውቢት በፍጹም ዜሮ አቅራቢያ የሚቀመጥ ስሱ ነገር ነው። ሙዮን ወይም ከግድግዳ የመጣ ጋማ ቺፑን ሲመታ በውስጡ የሚፈነጥቀው ኃይል ብዙ ኪውቢቶችን በአንድ ጊዜ ያሳስታል። የስሕተት ማረሚያ ስልቶች ስሕተቶቹ ለየብቻ የሚመጡ ናቸው ብለው ስለሚነሱ በጅምላ ሲመጣ ይሸነፋሉ። ጉግል በ26 ኪውቢቶች ላይ ያደረገውና በ2021 መጨረሻ የታተመው ጥናት እንዲህ ያለ ምት በየ10 ሴኮንዱ ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። በዲሴምበር 2024 ይፋ በሆነው የጉግል ዊሎው ቺፕ ሙከራ ላይ ግን የጅምላ ስሕተቱ በሰዓት አንዴ ገደማ ወርዷል። ጣሪያችሁ ላይ የምትቆጥሩት ሙዮን እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሰው ሥራ የሚያበላሸው ያው ሙዮን ነው።

አፍሪካ ውስጥ የኳንተምና የሕዋ ሥራ አለ?

አለ። በ2025 የታተመ ሥራ ላይ ቻይናና ደቡብ አፍሪካ በትንሽ ሳተላይት አማካይነት በቤጂንግና በስቴለንቦሽ መካከል፣ 12,900 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ የኳንተም ቁልፍ (ምስጢራዊ መልእክት የሚቆለፍበት ቁጥር) ተለዋውጠዋል። ናሚቢያ ውስጥ ደግሞ ሄስ የተባሉት የጋማ ቴሌስኮፖች ከ2002 ጀምሮ ይሠራሉ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የትኛውን ትመክራላችሁ?

አንድ ሴሚስተር ብቻ ላለው የመብረቁን ጋማ ብልጭታ፤ መረጃው ትንሽ ነው፣ ጥያቄው የራሳችን ሰማይ ነው። ኮምፒውተር ለሚያጠና የጂቢኤም መለያውን፤ "ኳንተሙ ተራውን አልበለጠም" የሚለው ውጤት ከነምክንያቱ ከቀረበ ሙሉ ጽሑፍ ነው፣ አማካሪያችሁን ቀድማችሁ አስማሙ። መሣሪያ መሥራት የሚወድ የጣናን ሙዮን ይያዝ፤ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ ትእዛዙን በመስከረም ስጡ። መለኪያውን ከክረምቱ በፊት ጨርሱት። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባዋ በማለዳ ትውጣ፣ ሁሉም ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ስላለ ቧንቧውን እዚያ አታውርዱ።